ስለ እጅ መታጠብ ሥርዓት

በአገራችን ገበታ ከመቅረቡ አስቀድሞ እጅ የማስታጠብ ሥርዓት ከጥንት ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ ነው። አስታጣቢው ማንቆርቆሪያውን በአንድ እጁ፣ የእድፉን ውሃ መቀበያ ሳሕን በሌላው ይዞ፣ ፎጣውንም ከትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ይቀርባል፤ ከታላቁ ይጀምርና እስከ ታናሹ ድረስ እንደየማዕርጋቸው ያዳርሳል። አስታጣቢው በዕድሜ የሚከበር እንደ ሆነ ታጣቢው ከመቀመጫው ብድግ ይላል። ከማንቆርቆሪያውም የሚወርደው ውሃ የአንዱን እጅ ነክቶ ለሌላው አይመለስም፤ ለእያንዳንዱ አዲስ ውሃ ይወርድለታል። ብዙ ሰው በአንድ ሳሕን ውሃ ውስጥ ተራ በተራ እጁን ከሚነክርበት ልማድ ይልቅ የእኛው ለጤና የተሻለ መሆኑን ሐኪሞች ሁሉ ይመሰክሩለታል።

ስለዚህ ይህን ልማድ ለመንቀፍ አልተነሣንም። ነገር ግን አንድ ጥያቄ አለን። ይህ ሁሉ ክብር የሚደረገው ለበላተኛው እጅ ነው። እንጀራውን ያነባበረ፣ አይቡን የፈረፈረ፣ ፍትፍቱን የፈተፈተ፣ ለሕፃኑም ያጎረሰ እጅ መቼ ታጠበ? ብለን ብንጠይቅ በብዙ ቤት ቁርጥ ያለ መልስ የሚሰጠን አይገኝም። እንግዳው በፊታችን ሲታጠብ እናያለን፤ ጓዳው ግን ከመጋረጃው በስተ ኋላ ነውና አናየውም። ዛሬ በዚህ ዓምድ ለማሳሰብ የፈለግነው፣ መታጠብ ከአዳራሹ ሳይሆን ከጓዳው ይጀምር ዘንድ ነው።

ተቅማጥን፣ ታይፎይድን፣ ኮሌራን የሚያመጡት ዓይን የማያያቸው ረቂቃን ተሕዋስያን ከሰው ሆድ ከእዳሪ ጋር ይወጣሉ። ከዚያ በኋላ ወደ ሌላ ሰው አፍ የሚወስዳቸው መንገድ ብዙ ነው፤ ውሃ ይወስዳቸዋል፣ ዝንብ ይወስዳቸዋል። ከሁሉ ይልቅ ቅርብ የሆነው መንገድ ግን እጅ ነው። ወስፋትም እንዲሁ ነው። አንዲት የወስፋት እናት በቀን እስከ 200,000 እንቁላል ትጥላለች፤ ይህም ከእዳሪ ወደ አፈር ገብቶ ከሰነበተ በኋላ ባልታጠበ አትክልትና በጥፍር ሥር ባለ እድፍ ተመልሶ ወደ አፍ ይገባል። (ኮሶ ግን ከጥሬ ሥጋ የሚመጣ ስለ ሆነ እጅ በመታጠብ አይከለከልም። የጥሬ ሥጋ ወዳጆች ይህን ጽሑፍ አንብበው ሳሙና ገዝተናል ብለው እንዳይታለሉ ብለን ነው።)

በአገራችን አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ሕፃናትን ከሚገድሉት ዋና ዋና በሽታዎች አንዱ ተቅማጥ ነው። እጅን በሳሙና መታጠብ የለመደ ቤት ከተቅማጡ ሢሶ የሚያህለውን እንደሚያስቀር በብዙ አገር የተደረገው ምርመራ አስረድቷል። ሢሶ ማለት ቀላል ነገር አይደለም። ሦስት ጊዜ የሚታመም ሕፃን ሁለት ጊዜ ብቻ ይታመማል ማለት ነው፤ የቀረችውም አንዲት ሕመም ትገድለው የነበረችው ልትሆን ትችላለች።

ጓዳውን አስቀድመን ስለ ማንሣታችን ምክንያት የሚሆነን በአሜሪካ አገር የአንዲት ወጥ ሠሪ ታሪክ ነው። (የውጭ አገሩን ዘመን በአውሮፓ አቈጣጠር ጽፈነዋል።) በ1906 ዓ.ም. በአገራቸው የሙቀት ወራት አንድ የኒውዮርክ ባለ ባንክ ቤተሰቡን ይዞ ነፋስ ለመቀበል በሎንግ አይላንድ ኦይስተር ቤይ በሚባል ስፍራ ቤት ተከራየ። ቤቱ ያማረ፣ ቤተሰቡም የተከበረ ነበር። በቤቱ ውስጥ ከነበሩት 11 ሰዎች ግን 6ቱ በታይፎይድ ተያዙ። በዚያን ጊዜ ታይፎይድ የድኻ ሰፈር በሽታ ነው እየተባለ ይታሰብ ስለ ነበር ነገሩ ሰውን ሁሉ አስደነቀ። ጆርጅ ሶፐር የሚባል የጤና ጥበቃ መሐንዲስ ተጠርቶ ውሃውንም ወተቱንም ሁሉን መረመረ፤ የሚያጠራጥር ነገር አላገኘም። በመጨረሻ ዓይኑን ወደ ማድቤቱ መለሰ። በሽታው ከመግባቱ ጥቂት ሳምንታት አስቀድሞ ሜሪ ማለን የምትባል የአየርላንድ ተወላጅ ወጥ ሠሪ ሆና ተቀጥራ ነበር። ሶፐር ቀድሞ ያገለገለችባቸውን ቤቶች አንድ በአንድ ቢከታተል በብዙዎቹ ታይፎይድ እግሯን ተከትሎ መግባቱን አገኘ። እርስዋ ራስዋ ግን ጤነኛና ብርቱ ነበረች። በ1907 ዓ.ም. ተይዛ ብትመረመር በሽታው ሳይጥላት በሆድዋ ውስጥ የሚኖር፣ ከእርስዋም የሚወጣ ሆኖ ተገኘ።

ሶፐር ያስተዋለው ሌላ ነገር ደግሞ አለ። እሳት ተሕዋስያኑን ይገድላልና ትኩስ አድርጋ ካበሰለችው ምግብ በሽታ ይተላለፋል ብሎ ለማመን አዳገተው። ነገር ግን ጥሬ ኮክ በእጅዋ እየከተፈች ከአይስክሬም ጋር ታቀርብ ነበር፤ ቤተ ሰቡም ይህን እጅግ ይወድላት ነበር። በሽታው በዚህ በኩል ሳይገባ አልቀረም ብሎ ፈረደ።

እስቲ የእኛን ገበታ በዚህ ዓይን እንመልከተው። የሚንተከተክ ወጥ አያስፈራም። እንጀራም ከምጣድ ሲወጣ ንጹሕ ነው፤ ከቀዘቀዘ በኋላ ግን የሚያነባብረው፣ የሚያጥፈው፣ የሚቈርሰው፣ የሚያቀርበው እጅ ስንት ነው? አይብ በእጅ ይፈረፈራል። ሰላጣ በእጅ ይበጠሳል። ክትፎ በእጅ ይታሻል። ፍትፍት በእጅ ይፈተፈታል። የፍቅር ምልክት የሆነችው ጉርሻም በእጅ ትጠቀለላለች። እነዚህ ሁሉ ከእጅ ወደ አፍ የሚሄዱ እንጂ ከእጅ ወደ እሳት የሚመለሱ አይደሉም። እንግዲህ የእኛ ምግብ ከኮኩና ከአይስክሬሙ ይልቅ በእጅ ንጽሕና ላይ የተመሠረተ ነው ማለት ነው።

የሜሪ ማለን መጨረሻ የሚያሳዝን ነው። ከከተማው ተለይታ በአንድ ደሴት ላይ ተቀመጠች፤ በ1910 ዓ.ም. ከእንግዲህ ወዲህ ወጥ ላትሠራ ቃል ገብታ ተለቀቀች። ነገር ግን በ1915 ዓ.ም. ስሟን ለውጣ በአንድ የአራሶች ሐኪም ቤት ስታበስል ተገኘች፤ በዚያም 25 ሰዎች ታመው 2ቱ ሞቱ። ከዚያ ወዲያ በ1938 ዓ.ም. እስክትሞት ድረስ በደሴቱ ላይ ተለይታ ኖረች። በችሎት የተከሳሽንም ቃል መስማት ሥርዓት ነውና ስለ እርስዋ ይህን እንናገራለን፤ አንድ ቀን ስንኳ ታይፎይድ አሞኛል ብላ አታውቅም፤ ሰውነቷ ደኅና ሆኖ ሳለ ሰው ትገድያለሽ ሲሏት እንዴት ትመን? ከማብሰል በቀር የተሻለ ደመወዝ የሚያስገኝላት ሙያም አልነበራትም። እኛ ከታሪክዋ የምንወስደው ወጥ ሠሪን ሁሉ መጠርጠር አይደለም። ጤነኛ መስሎ የሚታይ ሰው ሁሉ፣ እኛም ጭምር፣ ሳናውቀው በሽታ ተሸካሚ ልንሆን እንችላለን፤ ስለዚህ «አላመመኝም» ማለት ከመታጠብ ነጻ አያወጣም።

ጥፋቱን ሁሉ በማድቤት ሰዎች ላይ የሚጥል እንዳይኖር የሊቃውንቱን እጅ ደግሞ እንይ። በኦስትርያ ከተማ በቪየና በታላቁ ሐኪም ቤት ሁለት የማዋለጃ ክፍሎች ነበሩ፤ በአንደኛው ሐኪሞችና የሕክምና ተማሮች፣ በሁለተኛው አዋላጆች ያዋልዱ ነበር። በሐኪሞቹ ክፍል በአራስነት ትኩሳት የሚሞቱት ሴቶች ከአዋላጆቹ ክፍል ይልቅ እጅግ ይበዙ ስለ ነበር እናቶች ወደዚያ እንዳይወስዷቸው እያለቀሱ ይለምኑ ነበር። ኢግናዝ ዜመልቫይስ የሚባል የሀንጋሪ ተወላጅ ሐኪም ምክንያቱን ሲመረምር፣ ሐኪሞቹ ሬሳ ከሚመረምሩበት ክፍል ተነሥተው በቀጥታ ወደ ወላዷ እንደሚሄዱ አስተዋለ። በ1847 ዓ.ም. በግንቦት ወር ማንም ሰው እጁን ክሎሪን ባለበት የኖራ ውሃ ሳይታጠብ ወላድ እንዳይነካ አዘዘ። በሚያዝያ ከመቶ 18 የነበረው ሞት በሰኔ ወደ 2 ወረደ። ይህን የመሰለ ማስረጃ እያለ ብዙዎች ባልንጀሮቹ «እጃችን ርኩስ ነው ተባልን» ብለው ተቀየሙት እንጂ አላመሰገኑትም፤ እርሱም በ1865 ዓ.ም. ነገሩ ተቀባይነት ሳያገኝ ሞተ። ማዕርግ እጅን አያነጻም፤ ትምህርትም ብቻውን አያነጻም። («ንጹሕ» የሚለው ቃል በመጽሐፍ ለልብም ለእጅም ይነገራል፤ የልቡን ለሚመለከታቸው ትተን እኛ የምንናገረው ስለ እጁ ብቻ ነው።)

አሁን ስለ አስተጣጠቡ እንናገር። ውሃ ብቻውን አይበቃም። ተሕዋስያን ከእጅ ወዝና ከቅባት ጋር ተጣብቀው ይኖራሉ፤ ቅባትና ውሃ ደግሞ አይስማሙም። ሳሙና ግን አንዱ ጫፉ ቅባትን፣ ሌላው ጫፉ ውሃን የሚይዝ ስለ ሆነ በሁለቱ መካከል እንደ አስታራቂ ሽማግሌ ገብቶ ቅባቱን ከነተሸከመው እድፍ ነቅሎ ከውሃ ጋር ያሰናብተዋል። እንደ ኢንፍሉዌንዛና እንደ ኮሮና ያሉትን፣ በስብ የተሸፈኑ የበሽታ ዘሮች፣ ሽፋናቸውን አፍርሶ ይገድላቸዋል። ስለዚህ ውድና ሽቶ ያለበት ሳሙና መፈለግ አያሻም፤ ተራው የልብስ ሳሙና ይህንኑ ሥራ ይሠራል። ሳሙና ለጊዜው የታጣ እንደ ሆነ በንጹሕ አመድ አሽቶ መታጠብ እድፍን ያነሣል፤ ሳሙናን ግን አይተካም።

ሳሙና በብዛት ሳይገባ እናቶቻችን ልብስ የሚያጥቡበት እንዶድም ከዚህ ጋር ሊነሣ ይገባዋል። በ1964 ዓ.ም. በአውሮፓ አቈጣጠር ዶክተር አክሊሉ ለማ በዐድዋ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ በታች በወንዙ ውስጥ ቀንድ አውጦች ሞተው አይተው፣ ቢልሃርዝያ የሚያስተላልፉትን ቀንድ አውጦች እንዶድ እንደሚገድል ለዓለም አስታወቁ። ስለዚህም ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሰ ወልደ ዮሐንስ ጋር በ1989 ዓ.ም. ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት ተቀበሉ። ለልብስ ይሁን እንጂ እንዶድ ከዓይንና ከአፍ መራቅ አለበት።

እጅ የሚታሸው መዳፉ ብቻ አይደለም። የእጅ ጀርባ፣ የጣቶች መካከል፣ የአውራ ጣት ዙሪያ፣ ከሁሉም ይልቅ የጥፍር ሥር ይረሳል። ረዥም ጥፍር ለጌጥ ቢያምርም ለሚያቦካ ሰው አይስማማም። ጊዜውም 20 ሴኮንድ ያህል ይሁን፤ ሰዓት ማየት ለማይመቸው አቡነ ዘበሰማያትን ረጋ ብሎ እስኪጨርስ ድረስ ማሸት ይበቃዋል። ሲፈጸምም በማድረቁ ላይ የልማዳችን አንድ ጉድለት ይታያል። ውሃው ለእያንዳንዱ አዲስ ሆኖ ሳለ በአስታጣቢው ትከሻ ላይ ያለው ፎጣ ግን አንድ ነው፤ ከመጀመሪያው እስከ አሥረኛው እንግዳ ድረስ ሁሉን ያብሳል። የመጨረሻው እንግዳ የዘጠኝ ሰው እርጥበት ተቀብሎ ወደ መሶቡ ይቀርባል። ለየራሱ ትንንሽ ፎጣ ወይም የወረቀት መጥረጊያ የማይገኝ ከሆነ እጅን አራግፎ በነፋስ ማድረቅ ከዚያ ፎጣ ይሻላል።

ስለ ፎጣ ከተነሣ የነጠላ ጫፍም አይቀር። እናት በነጠላዋ ጫፍ የታናሹን ዓይን ትጠርጋለች፤ በዚያው ጫፍ የታላቁን አፍንጫ ታብሳለች፤ ከዚያ በኋላ የራስዋን ፊት ትነካበታለች። ይህ ከፍቅር የሚመጣ ነገር ነው። ሆኖም ትራኮማ፣ ማለት የዓይን ማዝ፣ ከልጅ ወደ ልጅ የሚሄደው በዚህ ጨርቅ፣ በእጅና በዝንብ ነው። በሽታው እየተመላለሰ ሲይዝ የዓይን ቆብ ወደ ውስጥ ይታጠፍና ሽፋሽፍቱ ብሌኑን ሲፍቀው ኖሮ በመጨረሻ ያሳውራል። ኢትዮጵያ ከዓለም አገሮች ሁሉ ይልቅ ትራኮማ የበዛባት አገር ናት። ጠዋት የልጆችን ፊት ለየብቻ በንጹሕ ውሃ ማጠብ ከመድኃኒቱ ጋር አብሮ የሚታዘዝ ነገር ነው፤ ለዚህም ብዙ ውሃ አይጠይቅም፤ እፍኝ ሁለት እፍኝ ይበቃል።

በ1911 ዓ.ም. በኅዳር ወር በአዲስ አበባና በአገሩ ሁሉ ብዙ ሕዝብ የፈጀው የኅዳር በሽታ መታሰቢያ ሆኖ፣ ኅዳር 12 ቀን በየዓመቱ ግቢ ይጠረጋል፣ ጥራጊም ይቃጠላል። ግቢ መጥረጉ መልካም ነው፤ የጥራጊው ጢስ ግን ደረት ይጎዳል እንጂ በሽታ አያርቅም። ያ በሽታ ኢንፍሉዌንዛ ነበር፤ በሳልና በትንፋሽ፣ ደግሞም አፍንጫ ጠርጎ ሰላምታ በሚሰጥ እጅ ይተላለፋል። ከ1911 በኋላ አንድ መቶ አንድ ዓመት ቆይቶ በ2012 ዓ.ም. መጋቢት 4 ቀን የኮሮና በሽታ ወደ አገራችን መግባቱ ሲነገር በየባንኩ፣ በየመሥሪያ ቤቱና በየሱቁ ደጃፍ ቧንቧ ያለው በርሜልና ሳሙና ቆመ። ሹም ሆነ ተላላኪ ሳይታጠብ አይገባም ነበር። ፍርሀቱ ሲቀል በብዙ ደጃፍ ውሃው ደረቀ፤ በርሜሉም ለሌላ አገልግሎት ሄደ። ኮሮናን ፈርተን የታጠብነው እጅ ተቅማጥንም ይከላከል እንደ ነበር ያሰበ ሰው ጥቂት ነው።

ስለ መሥሪያ ቤት ካነሣን አንድ ነገር ሳንናገር አናልፍም። በየጽሕፈት ቤቱ መዝገብ የሚገልጡ ብዙ ሰዎች ጣታቸውን በምላሳቸው እያራሱ ቅጠሉን ያዞራሉ፤ ገንዘብ ቈጣሪም እንዲሁ ያደርጋል። ያ መዝገብ ከዚያ ቀን በፊት በስንት ባለ ጉዳይ፣ በስንት ጠበቃ፣ በስንት ጸሐፊ እጅ ያለፈ ነው! እያንዳንዱም ምራቁን ትቶ የሌላውን ወስዷል። የጸሐፊነትን ሥራ የምንወድ ሁሉ ይህን ልማድ ልናፍርበት ይገባል። በትንሽ ሳሕን ውሃ የነከረ ስፖንጅ ከጠረጴዛው ላይ ቢቀመጥ ጣትን ያርሳል፤ ዋጋውም ከአንድ እስክሪብቶ አይበልጥም። ለምሳ ሲወጡም ከመዝገብ በቀጥታ ወደ መሶብ መሄድ አይገባም።

ወደ ቤት እንመለስ። የቤቱ ጌታና እመቤቲቱ «እጃችሁን ታጠቡ» ብለው ማዘዛቸው ብቻውን ምንም አይጠቅምም። ሳሙናው በእመቤቲቱ መኝታ ቤት ሳጥን ውስጥ ተቈልፎ፣ ውሃው ከግቢው ማዶ ሆኖ ሳለ እንጀራ ጋጋሪዋ አልታጠበችም ብሎ መቈጣት ፍርድ አይደለም። ማንም ሰው የሚታጠበው ውሃውና ሳሙናው ሥራው ካለበት ስፍራ ሲገኝ ነው። ስለዚህ ሁለት ስፍራ ይበጅ፤ አንዱ ከመጸዳጃ ቤቱ በር አጠገብ፣ ሁለተኛው ከማድቤቱ በር አጠገብ። ከመጸዳጃ የወጣ፣ ሕፃን ያጸዳዳ፣ በሽተኛ ያስታመመ፣ ጥሬ ሥጋ ወይም ዶሮ የነካ ሳይታጠብ ወደ ዱቄትና ወደ እንጀራ አይለፍ። ለሕፃን ከማጉረስ በፊትም እንዲሁ። ተቅማጥ የያዘው ሰው እስኪድን ድረስ ከማብሰል ይረፍ፤ በዚህም ምክንያት ደመወዙ አይቈረጥ፤ የሚቈረጥ ከሆነ ሕመሙን ይደብቃልና።

ሳሙናው ይጠፋል፣ ይባክናል የሚሉ እመቤቶች መኖራቸውን እናውቃለን። ለዚህ ብዙ ቤት የሚያደርገው ዘዴ አለ። ከአንድ የላስቲክ ጠርሙስ ውሃ ላይ ጥቂት የዱቄት ሳሙና ጨምሮ በጥብጦ፣ ክዳኑን በጋለ መርፌ መብሳት ነው፤ ጠርሙሱ ሲጨመቅ ለአንድ እጅ የሚበቃው ብቻ ይወጣል። ቧንቧ በሌለበት ስፍራ ሌላ ጀሪካን አንገቱ አጠገብ በስቶ በግንድ ላይ ማንጠልጠልና ከሥሩ በእግር የሚረገጥ እንጨት በገመድ ማሰር ይቻላል፤ እንጨቱ ሲረገጥ ጀሪካኑ ያዘነብላል፣ እድፍ ያለበትም እጅ ጀሪካኑን አይነካውም። ልጆች ይህን እንደ ጨዋታ ስለሚወዱት ማንም ሳያዛቸው ይታጠባሉ። ጀሪካኑን ማታ ማታ መሙላት ከቤቱ ልጆች ለአንዱ በስሙ ቢሰጥና ጠዋት ባዶ ሆኖ የተገኘ እንደ ሆነ እርሱ ቢጠየቅ ደኅና ይሆናል።